ቀድሞ የደረሰ ይባርካል

ተው! ተው ናቲ፣ ያንን አዲሱን ቢላዋ ወደ ኩሽና መልሰው። በሱ ዶሮ አይታረድም። እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ ቤት የፋሲካ ዶሮ የሚባረከው በዚች ባለ ቀንድ እጀታዋ ብቻ ነው። «አርጅታለች» ትላላችሁ፤ እኔስ አላረጀሁም እንዴ? ስለቷን ብታዩት አሁንም ጢም ትላጫለች። ሶስና ልጄ፣ ዶሮውን ክንፉን ሰብስበሽ ያዥው፣ አንገቱን እንዳታንቂብኝ። በሉ ቁጭ በሉ። «ይሄ ሽማግሌ በዚች ቢላዋ ምን ነካው» እያላችሁ በጓሮ ስታሙኝ ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። መንበረ ሽንኩርቷን አቁላልታ እስክትጨርስ ነግሬያችሁ እጨርሳለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ አሰብ። እኔ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ በያጅ ነበርኩ። አሰብን ያላየ ሙቀት አየሁ አይበል! ከሰኔ እስከ መስከረም ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ የቧንቧው ውሃ ሻይ ማፍያ አያስፈልገውም፤ ሰው አልጋውን ጎትቶ ደጅ ነው የሚተኛው። ኅዳር ሲገባ ግን አየሩ ይለሳለሳል፣ ከተማውም ነፍስ ይዘራል። ዳክዬዎቹ ደግሞ ያኔ ሞልተዋል። ከሰሜን፣ ከበረዶ አገር ነው የሚመጡት፣ ባሕሩን ተከትለው፣ ስንት አገር አቋርጠው። ጎርፍ መውረጃው ከባሕሩ በሚገናኝበት፣ ማንግሮቭ የሚሉት ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ባለበት፣ እዚያ ኩሬዎቹ ላይ ይሰፍራሉ።

ብዙ ዓይነት ነበሩ፤ እኔን ያሳበደችኝ ግን አንዲት ትንሽዬ ናት። የመጽሐፍ ስሟን አላውቅም፤ እኛ «ቅንድቦ» እንላት ነበር። ስትመጣ ወንዱም ሴቷም አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው፣ አይለዩም። የካቲት ሲገባ ግን ወንዱ ለመልስ መንገዱ ይለብሳል፤ ከዓይኑ በላይ እስከ ማጅራቱ የሚወርድ ነጭ ቅንድብ ያወጣል፣ ያምራል! ድምፁም እንደ ሌላው ዳክዬ አይደለም። እስቲ ማበጠሪያ ላይ ጥፍራችሁን ጎትቱ፤ ክርርርር! ልክ እሱ ነው። ያንን ድምፅ በማለዳ ከሰማሁ የዚያን ቀን ብየዳዬ ሁሉ ይጣመማል።

የአደን ጓደኛዬ ሁመድ ነው። አፋር ነው፣ ራሔይታ ተወልዶ ያደገ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፤ ያኔ ግን ወደብ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ይሠራል። የጀልባውን መልሕቅ ልበይድለት አመጣና ተዋወቅን፣ በዚያው ቀረን። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። እኔ ጠመንጃ አለኝ፣ እሱ መሬቱን ያውቃል። «ሸርጣን ቤት ያልሠራበት ቦታ አንተም እግርህን አታኑር» ይለኛል ሁልጊዜ። ጭቃው ላይ የሸርጣን ጉድጓድ ካለ መሬቱ ይሸከማል፤ ጉድጓድ የሌለበት፣ የሚያብለጨልጨው፣ እሱ ሰው በላ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ነገረኝ መሰላችሁ!

አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ አትሳቁ። ዳክዬ በእኛ ወገን አይበላም። እግሩ ድፍን ነው፣ ርኩስ ነው ተብለን ነው ያደግነው። የሁመድ ዘመዶችም «ወፍ የሚበላ አፋር የት ይገኛል» ብለው ይስቁበታል። አሰብ ግን ሁሉን ታስለምዳለች። እኔን ማጣሪያው ውስጥ ያሉ ጓደኞቼ አስለመዱኝ፣ እሱን ወደብ ላይ ያሉ የየመን ሰዎች። እና ሁመድ በዓረብኛ አጠራሩ «ያ» እያለ ይቀልድብኛል። «ያ ግርማ፣ ሃይማኖትህ የከለከለህን ወፍ በሃይማኖትህ ትባርካለህ! ቄሱ ይህን ያውቃል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «አንተን አባትህ ያውቃል?» እለዋለሁ።

መባረኩ ላይ ግን ቀልድ የለም። የእስላም እጅ ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ የክርስቲያን እጅ ያረደውንም እስላም አይበላም። በጥይቱ ብቻ የሞተች ወፍ ደግሞ ለሁለታችንም በክት ናት። ስለዚህ ወፏ ተመታ ስትወድቅ ነፍሷ ሳይወጣ በቢላዋ መድረስ ነው። እኔ ከደረስኩ «በስመ አብ» ብዬ አርዳለሁ፣ የኔ ናት። እሱ ከደረሰ «ቢስሚላሂ» ይላል፣ የሱ ናት። ሕጋችን ይሄ ነበር፤ ቀድሞ የደረሰ ይባርካል። ተኳሹ እኔ ልሁን እንጂ ሯጩ እሱ ነው! እኔ በቦቲ ጫማ እየተንቦጫቦጭኩ፣ እሱ በባዶ እግሩ ሽርጡን ወገቡ ላይ ቋጥሮ እንደ ሚዳቋ ይሄዳል። ከአራት ሦስቱን የሚወስደው እሱ ነበር።

ሶስና፣ ይሄኛውን በደንብ ስሚ። ያን ዓመት እናትሽ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አንቺን ነው። አንድ ቀን ሁመድ ቤት ሄደን ሚስቱ የዳክዬ መረቅ ሠርታ ቤቱን አወደችው። መንበረን ያዛት! የመንዝ ቄስ ልጅ፣ አርብ ረቡዕን ውሃ ሳትቀምስ የምትውል ሴት፣ ዳክዬ አማራት! በዚያ ላይ የእስላም እርድ ነው፣ ልትቀምሰው አትችልም። ቤት ስንገባ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አምሮቴን ሳላወጣ ብቀር ልጄ ላይ ምልክት ይወጣብኛል» አለች። እኔ ሳቅ አልኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ሁለት ጊዜ ወጣሁ። አንዴ ሁመድ ቀደመኝ፤ አንዴ ደግሞ ወፏ ሳልደርስባት ሞተች። አሁን ቅበላ ሆነ፤ ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ከዚያ በኋላ አምሳ አምስት ቀን ሥጋ የሚባል የለም፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ እሷ ወልዳለች፣ ቅንድቦም አገሯ ገብታለች። ያቺ ቅዳሜ የመጨረሻዬ ናት።

እና ለሁመድ ነገርኩት? አልነገርኩትም! ሚስቴ አማራት ብሎ ጓደኛውን የሚለምን ወንድ አለ? በሩጫ አሸንፌ እወስዳለሁ አልኩ። ቂል! ወጣትነትና ቂልነት አብረው ይኖሩ የለም እንዴ።

ከግማሽ ቀን ሥራ ወጥቼ ጠመንጃዬን አነገትኩ። ባለ ሁለት አፈሙዝ ናት፣ ፈቃድ ያላት። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ይዞ ከከተማ መውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኬላው ላይ ቁጥሯን ይመዘግባሉ፣ ጥይቷን ይቆጥራሉ፣ «ከመምሸቱ በፊት ተመለሱ» ይሉሃል። ብትጠፋ «ለማን ሰጠሃት?» ነው ጥያቄው፤ መልሱን ደግሞ ማንም አያምንህም። ራሔይታ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና እስከ መታጠፊያው አደረሰን፣ ከዚያ በእግር።

ሁመድ እየሄደ አየሩን ያሸታል። ነፋሱ ሁለት ቀን ሙሉ ከደቡብ፣ ከባብ ኤል መንደብ በኩል ሲነፍስ ነው የሰነበተው። ጨረቃዋም ልትጠፋ ነው፣ ያኔ ባሕሩ ይበረታል። «ዛሬ ባሕሩ ጎድሎ ብዙ አይቆይም» አለኝ። «ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል። አንድ ጊዜ ተኩሰን፣ አንስተን እንወጣለን። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ» አልኩት። ጆሮዬ ኩሬው ላይ ነበር።

ማንግሮቩ ጥግ ተቀመጥን። ስንዴ የመጣበትን የወደብ ጆንያ ሁለት ሁለት አድርገን ጭቃ ቀብተን ራሳችን ላይ ጣልን። ፊት ለፊታችን ቦይ አለ፤ ወርዱ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃ የሚገባበት፣ ሲጎድል ጭቃ ብቻ የሚቀርበት ነው። ከቦዩ ማዶ ዳክዬዎቹ የሚያርፉበት ኩሬ አለ። ወደዚያ ለመሻገር በግራ በኩል አሸዋውን ይዞ መዞር ነው፤ ሁመድ ሁልጊዜ በዚያ ነው የሚሄደው። ትንኙ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፣ እጄን አላነሳም። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል ሆነ።

ክርርርር!

ከባሕሩ በኩል ዝቅ ብለው መጡ፣ አሥራ አምስት ሃያ ይሆናሉ፣ ክንፋቸው ይፏጫል። አንዴ ዞሩ። ሁመድ ጉልበቴን ጨበጠኝ፣ ገና ማለቱ ነው። እንደገና ዞሩ፣ ዝቅ አሉ፣ የፊተኛው ቅንድብ ነጭ ሆኖ ታየኝ። ተነሥቼ ድም! ሳትኩ። ድም! አንዱ ክንፉን ተመታና እየተሽከረከረ ወርዶ ቦዩ መሀል ላይ ወደቀ። አልሞተም! አንገቱን አቅንቶ ጭቃው ላይ በደረቱ ይሳባል። አንድ ጥይት አጉርሼ ጠመንጃዬን እንደያዝኩ ተፈተለኩ።

ሁመድ በግራ፣ በአሸዋው ዞረ። እኔ ቀጥታ ሄድኩ።

አላየሁም ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። ቦዩ አመድማ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ አንድም የሸርጣን ጉድጓድ የለበትም። አይቼዋለሁ! ግን ሁመድን በዓይኔ ጠርዝ አየሁት፤ እየቀደመኝ ነው፣ እጁ ቢላዋው ላይ ነው። የመንበረ ልቅሶ ትዝ አለኝና ገባሁበት። የመጀመሪያው እርምጃ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ምንም አይደል አልኩ። ሦስተኛው እስከ ጉልበት። አምስተኛው ላይ ቀኝ እግሬ እስከ ታፋዬ ገባ፤ ግራውን ላወጣ ስል እሱም ገባ። እንደገና ብታገል እስከ ወገቤ ዋጠኝ። ጭቃው ከላይ ሞቃት ነው፣ ከሥር ግን ይቀዘቅዛል፣ ቦቲዬን እንደ ሰው እጅ ጨምድዶ ይዞታል።

«አትንቀሳቀስ!» ሁመድ ከማዶ ጮኸ። «አትታገል ያ ግርማ! በታገልክ ቁጥር ትወርዳለህ!»

ቆምኩ። ቆምኩ ማለት እንኳ አይቻልም፣ ተተከልኩ። ዳክዬው ከኔ አራት ክንድ ያህል ርቆ ተቀምጦ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ከባሕሩ በኩል፣ ሽሽሽሽ የሚል። ዞር ብዬ ሳይ ቦዩ አፍ ላይ ውሃው እንደ ምላስ እየላሰ ይመጣል።

ፈራሁ ልጆች። ሰው «አልፈራሁም» ሲል አትመኑት። ጠመንጃዋን ወደ ሰማይ አነሣሁ፣ ተኩሼ ሰው ልጠራ።

«እንዳትተኩስ!» አለ ሁመድ። «ብትተኩስ ርግጫዋ ወደ ታች ይሰድሃል! ጠመንጃውን ፊት ለፊትህ አግድም አንጥፍ፣ ደረትህን በላዩ ጣል።»

«ጨው ይበላታል!»

«ይብላት! አንተን ከሚበላህ!»

አነጠፍኳት። ካለኝ ነገር ሁሉ አብልጬ የምወዳትን ጠመንጃ ጭቃ ውስጥ አነጠፍኩና ተደገፍኩባት። መውረዴ ቆመ። ሁመድ አራቱንም ጆንያ ከነበሩበት ሮጦ አምጥቶ በአሸዋው በኩል ጭቃው ላይ ዘርግቶ በሆዱ እየተሳበ ወደኔ መጣ። የአንድ ሰው ቁመት ያህል ሲቀረው ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ጆንያም አይሸከምም። ተኝቶ ሽርጡን ፈታ፣ በዚች ቢላዋ፣ በዚችው! ለሁለት ቀደዳትና ቋጥሮ ወረወረልኝ። በብብቴ አዙሬ አሰርኳት።

«ሳብ!» አልኩት።

«ገና ነው» አለኝ።

«እንዴት ገና ነው? ውሃው እየመጣ!»

«እሱን ነው የምጠብቀው። ደረቅ ጭቃ አይለቅም፤ ወገብህ ላይ ይበጥስሃል እንጂ አይለቅም። ውሃው ሲገባበት ይላላል። ውሃውን አትፍራው፣ ጠብቀው።»

እስቲ አስቡት! የሚገድልህን ውሃ ጠብቀው ሲልህ! ውሃው መጣ። መጀመሪያ ወገቤን ነካኝ። እምብርቴ ጋ ደረሰ። ሁመድ ያለማቋረጥ ያወራኛል። «ጣትህን አንቀሳቅስ፣ ጫማው ውስጥ። ተረከዝህን ወደ ላይ። ጫማውን እርሳው፣ ለሰይጣን ስጠው።» ቢላዋዬ ግራ ቦቲዬ ውስጥ ነበረች፣ እሷንም ለሰይጣን ሰጠሁ። ውሃው ደረቴ ላይ ደረሰ። «አሁን?» አልኩት። «ገና ነው!» እሱም ራሱ ውሃ ላይ ተንሳፏል፣ ሽርጡን በእጁ ጠምጥሞ። በልቤ ማርያምን እጠራለሁ፤ እሱም የራሱን ዱዓ ሲያነበንብ እሰማዋለሁ። እግዜር ሁለታችንንም ይሰማ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ።

በዚህ መሀል ዳክዬው ውሃው አንስቶት እየተንሳፈፈ መጥቶ ደረቴ ላይ ተጋጨ። እጄን ሰድጄ አፈፍ አደረግኩት!

«ልቀቀው!» ሁመድ ጮኸ። «ሁለት እጅህን እፈልጋለሁ!»

«አልለቅም!»

«አብደሃል? ለወፍ ትሞታለህ?»

«መንበረን አምሯታል!» አልኩ። ዕንባዬ መጣ። «ሰኞ ጾም ይገባል፣ መንበረን አምሯታል፣ ያንተ እርድ አይሆንላትም!»

ሁመድ አንድ ስድብ ሰደበኝ፣ በአፋርኛ ነው፤ ትርጉሙን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም፣ ይገባኛል። «ምነው ሳትነግረኝ!» አለ። «ለነፍሰ ጡር ነው ብትለኝ እሮጥ ነበር? ወላሂ ቁጭ ብዬ አይህ ነበር! ሸሚዝህ ውስጥ ክተተው!»

ከተትኩት። ልቡ ከኔ ልብ ጋር ይመታል፣ ጥፍሩ ሆዴን ይቧጥጠኛል። ውሃው አንገቴ ላይ ደረሰ። አንዲት ማዕበል መጥታ አፌን ሞላችኝ፣ ተፋሁ። ሌላም መጣች። ያኔ ቀኝ ተረከዜ ከቦቲው ውስጥ ሸርተት አለ።

«ሁመድ! ወጣች! ቀኟ ወጣች!»

«አሁን! በጀርባህ ተኛ!»

ተኛሁ። ሳበ። ግራው እምቢ አለ፤ ጉልበቴ የተነቀለ መሰለኝ፤ እንደገና ሳበ፣ እያቃሰተ፣ እየተሳደበ። ድንገት ቦጭ! አለና ለቀቀኝ። እንዴት አሸዋው ላይ እንደደረስን እሱን አላስታውስም። ሁለታችንም በጀርባችን ተዘርግተን፣ ሰማዩ ቀይ ሆኖ፣ እየሳልን ባሕር ስንተፋ ነው የማስታውሰው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ጉድ ስሙ።

ዳክዬው ሕይወት አለው! ሸሚዜን ገልጬ አወጣሁት፣ አንገቱ ይንቀሳቀሳል። ቢላዋዬ ግን ጭቃ ውስጥ ቀርታለች። ሁመድ የራሱን አወጣና እጀታውን ወደኔ አዙሮ ዘረጋልኝ። «ባርክ» አለኝ። «ለመንበረ።»

«በስመ አብ ብዬ ባርድባት ቢላዋህ ትበላሽብሃለች» አልኩት። «ቤተሰብህ ምን ይላል? ነፍሴን አትርፈህ ቢላዋህን አላበላሽም። አንተ እረድ። ያንተ ነው፣ ይገባሃል።»

«እኔ አላርድም! ለነፍሰ ጡር ነው!»

«እኔም አላርድም!»

«ያ ግርማ፣ ያዝ ብያለሁ!»

«አልይዝም ብያለሁ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ ወፍ ስንቀማማ የኖርን ሰዎች፣ አሁን «ያንተ ነው»፣ «የለም ያንተ ነው» እያልን ተጣላን። ቢላዋው ከኔ ወደሱ፣ ከሱ ወደኔ ይሄዳል። በመጨረሻ እሺ ብዬ ተቀብዬው ጎንበስ ስል፣ የዳክዬው አንገት እጄ ላይ ተኝቷል። ነጩ ቅንድቡ ብቻ ያበራል። ሞቷል።

በክት! ለሱም በክት፣ ለኔም በክት!

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ እኔ። አሸዋው ላይ ተንከባለልን፣ ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን፤ እኔ መሀል ላይ ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞሮብኝ ነበር። ዳክዬውን አሸዋው ውስጥ ቀበርነው። ስንት ባሕር አቋርጦ መጥቶ ማንም ሳይበላው ቀረ፣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኬላው ላይ ስንደርስ ሁመድ ቁምጣ ብቻ፣ እኔ ባዶ እግሬን፣ ጠመንጃዋ ቦዩ ጭቃ ውስጥ ቀርታ። ወታደሩ አየን፣ መዝገቡን አየ፣ እንደገና አየን። ሁመድ የሆነውን ሲነግረው ሳቁን መያዝ አቃተው። «ነገ ጠመንጃዋ ካልመጣች ግን በሷ ቦታ አንተን ነው የምመዘግብህ» አለኝ። ቤት ገብቼ ለመንበረ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችልኝና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አሉ፤ አንተ ግን ባልተናገርከው ልጅህን ያለ አባት ልታስቀር ነበር» አለችኝ። ያቺን ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም።

እሁድ፣ የቅበላ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁመድ በራችን ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ገና ሳይነጋ፣ ባሕሩ ሲጎድል፣ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ጠመንጃዋን ከጭቃው ጎትቶ አውጥቶ ኬላው ላይ አስረክቦልኛል። ጨው በልቷት ስለነበር ከዚያ ወዲያ ተኩሳም አታውቅ። እጁ ላይ ግን ጆንያ አለ፣ ጆንያው ይንቀሳቀሳል!

በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ኩሬው ዳር ወጥመድ ዘርግቶ፣ በሆዱ ተኝቶ ጠብቆ፣ አንዲት ዳክዬ በእግሯ ይዟል። ነፍሷ እንዳለ። አንድ ላባ ሳይነቀል።

«ሳትሞት አምጥቼልሃለሁ» አለኝ። «አሁን ማንም አይቀድምህም፤ ቀስ ብለህ ባርክ።» ከዚያ ይቺን ቢላዋ ከወገቡ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት። «ያንተን ባሕር በላት። ይቺ ካሁን በኋላ የክርስቲያን ናት። እኔ ሌላ እገዛለሁ። እና ግርማ፣ ዛሬ እምቢ ብትለኝ ወላሂ በዚችው ነው የማርድህ!»

ተቀበልኩ። ምን እላለሁ? «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩ፤ ሁመድ ጎኔ ቆሞ ክንፏን ይዞልኝ ነበር። መንበረ ያን ቀን መረቁን ጠጥታ፣ ሥጋውን ግጣ፣ አጥንቱን መጠጠች። እኔ አልቀመስኩም፤ ቁጭ ብዬ አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጠገብኩበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲያ ከሁመድ ጋር ብዙ ወጥተናል፣ በጠመንጃ ሳይሆን በናይለን። ማንም አልሮጠም። ሲያዝ «ዛሬ ማን ቤት ነው የተራበው?» ብለን እንጠያየቃለን፣ እሱ ይባርካል። በኋላ ጊዜው ተገለባበጠ፣ ሰው ተበታተነ፣ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ወጣሁ። አሁን ሁመድ የት እንዳለ አላውቅም። ይናፍቀኛል፣ አልደብቃችሁም። ሰው የልቡን ለወዳጁ ሳይነግር ሲሮጥ ባየሁ ቁጥር ያ የሚያብለጨልጭ ጭቃ ነው የሚታየኝ፤ ሸርጣን የሌለበት።

ሶስና፣ እስቲ ክንድሽን አሳዪአቸው። አንገትሽንም። አያችሁ? አንዲት ምልክት የለባትም! እናቷ ስትወልዳት ሁመድ በር ላይ ቆሞ «ቅንድቧ ነጭ ነው?» ብሎ ነበር የጠየቀው። እና አሁን ገባህ ናቲ፣ ለምን አዲሱን ቢላዋ እንደማልነካው?

ምን? ዶሮው ምን ሆነ? አንገቱ ለምን ዘመመ? አንቺ ልጅ፣ እንዳታንቂው አላልኩሽም! ቢላዋዋን ወዲህ በል ናቲ፣ ያዝ፣ ያዝ እግሩን! ኧረ ቶሎ በሉ፣ እኔ ስለፈልፍ ይሄኛውም በክት ሊሆንብን ነው!